አዲስ ታካሚ ስንቀበል የወንጀል ሪከርድ ማየት፦ ሠራተኛው ሳይጎዳ፣ ታካሚውም ያለ እንክብካቤ ሳይቀር

ምደባ_ክፍል (ጥያቄ)

ሰላም ለሁላችሁ። የሆም ሄልዝ ኤጀንሲ (ነርሶችንና ረዳቶችን ታካሚ ቤት የሚልክ ድርጅት) የታካሚ ቅበላ ፖሊሲ እያረቀቅን አንድ አንቀጽ ላይ ቆመናል። ረቂቁ ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ ሪፈራል (ታካሚውን ተቀበሉ የሚል የሐኪም ወይም የሆስፒታል ጥያቄ) እንደመጣ የታካሚው ስም በፍርድ ቤቶች የሕዝብ መፈለጊያና በወሲብ ወንጀለኞች መዝገብ ይታያል፤ ከባድ ወንጀል ከተገኘበት ታካሚው አይወሰድም። ሐሳቡ የመጣው ከሠራተኞቹ ነው። ብቻቸውን የሰው ቤት የሚገቡት፣ በሩ ከኋላቸው የሚዘጋባቸው እነሱ ስለሆኑ ጥያቄያቸው ተገቢ ነው። በሌላ በኩል ከሃያ ዓመት በፊት አጥፍቶ፣ ቅጣቱን ጨርሶ፣ ዛሬ አልጋ ላይ የዋለ ሰው ቁስሉን የሚያጥብለት ሊያጣ ነው።

ለመሆኑ ይህ ፍለጋ ሠራተኛን በእርግጥ ይጠብቃል? የሚደረግ ከሆነስ መቼና በማን ይደረግ? "አንቀበልም" የሚባለው ምን ሲሆን ነው? ሕጉ ከቦታ ቦታ እንደሚለያይ አውቃለሁ፤ የአሜሪካውን የምታውቁ ካላችሁ እሱንም ብታነሱልን።

---

ነርስ_ሱፐርቫይዘር

ስም መፈለግ ብቻውን የሚጠብቀው በጣም ጥቂት ነው። ፍለጋውን አታድርጉ ማለቴ አይደለም፤ ዋናው መከላከያ አድርጋችሁ ከቆጠራችሁት ግን ሠራተኞቻችሁ ያለ መከላከያ ቀሩ ማለት ነው።

ለምን? አንደኛ፣ ሪፈራሉ ላይ ያለው የታካሚው ስም ብቻ ነው። ቤቱ ውስጥ ግን የሚጠጣ ልጅ፣ በመለያየት ላይ ያለ የትዳር ጓደኛ፣ ማን እንደሆነ የማይታወቅ ሶፋ ላይ የሚያድር ሰው ይኖራል። የእነዚህ ስም የትም አልገባም። ሁለተኛ፣ ሠራተኛ የሚመታውና የሚነክሰው አብዛኛውን ጊዜ ግራ የተጋባ ሰው ነው፦ የመርሳት ሕመም ያለበት፣ የሽንት ኢንፌክሽን አእምሮውን ያዛባበት፣ ሕመሙ ያልታገሠለት። በሕይወቱ ፖሊስ ጣቢያ ደርሶ የማያውቅ ሰው ልብሱን ሲያወልቁት ክርን ሊሰነዝር ይችላል። ሦስተኛ፣ ሪከርድ የሚነግራችሁ ያለፈውን ነው፤ ነገ ጠዋት ለምትሄደው ነርስ የሚጠቅመው ባለፈው ወር የሆነው ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው መረጃ ከመዝገብ ሳይሆን ከላከው ሆስፒታል ይምጣ። ሪፈራሉን ለላከው የዲስቻርጅ ፕላነር (ከሆስፒታል የሚወጡ ታካሚዎችን ጉዳይ ለሚያመቻቸው ሠራተኛ) ደውላችሁ "ችግር አለበት?" ብላችሁ ከጠየቃችሁ መልሱ "የለም" ነው፤ አልጋ ማስለቀቅ ይፈልጋሉ። እንዲህ ጠይቁ፦ ባለፉት 30 ቀናት መታ፣ ዛተ፣ ነከሰ፣ ዕቃ ወረወረ? መቼ? ምን እየተደረገለት ሳለ? ጥበቃ ተጠርቶ ያውቃል? ምን አበረደው? የመጨረሻዋ ጥያቄ ከሁሉም ትበልጣለች። "ከጀርባው ሲመጡበት ይደነግጣል፤ ፊት ለፊት ቆመው ስሙን ከጠሩት ሰላም ነው" የምትል አንዲት መስመር ኬር ፕላኑ (የእንክብካቤ እቅዱ) ላይ ብትገባ ከአሥር ገጽ የፍርድ ቤት ወረቀት ትበልጣለች።

ቀጥሎ ታካሚው ራሱ ወይም ቤተሰቡ ይጠየቃል፣ በስልክ፣ ከመጀመሪያው ጉብኝት በፊት። ጥያቄዎቹ ለሁሉም ታካሚ አንድ ዓይነት፣ ቅደም ተከተላቸውም አንድ ይሁን። በጡረታ ለወጡት መምህርም፣ ትናንት ከማረሚያ ቤት ለወጣውም፦

"አብሮዎት የሚኖር ወይም ደጋግሞ የሚመጣ ማን አለ?"
"ቤት ውስጥ የጦር መሣሪያ አለ? የት ይቀመጣል? ጥይቱስ ለብቻው ተቆልፏል?"
"ውሻ አለ? ሠራተኛዋ ስትመጣ የትኛው ክፍል ይዘጋበታል?"
"ከዚህ በፊት ሊረዳዎት ከመጣ ሰው ጋር ተጋጭተው ያውቃሉ? ምን ነበር ያስቆጣዎት?"
"ከማን ጋር መሆን እንደሚችሉ ወይም እንደማይችሉ የሚወስን የፍርድ ቤት ወይም የአመክሮ ትእዛዝ አለ?"

ጥያቄዎቹ ከመጀመራቸው በፊት "ይህን የምንጠይቀው ሁሉንም ታካሚ ነው፤ መልስዎ አገልግሎቱን አያስቀርብዎትም፤ እንዴት እንደምንመጣ ለማወቅ ነው" ይባል። ይህ ካልተባለ ሰው ይዋሻል፤ ደግሞም እውነት ካልሆነ አትበሉት። ረቂቃችሁ "ከባድ ወንጀል ካለ አይወሰድም" እስካለ ድረስ ይህን ቃል መስጠት አትችሉም። አንቀጹ ከፍትሐዊነቱ በፊት በደኅንነት በኩል የሚወድቀው እዚህ ነው፦ እውነቱን የሚናገር ሰው የሚቀጣ ከሆነ የመሣሪያውንም ጉዳይ አትሰሙም።

---

ሕግና_ሰነድ

የአሜሪካውን ለጠየቁት። ነገሩ ብዙ ቅርንጫፍ ስላለው ለቅበላ ክፍል የሚያስፈልገውን ብቻ ላንሳ።

ለእናንተ ጥያቄ በጣም ቅርቡ የኮነቲከት ግዛት ሕግ ነው (ቀንና ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። በጥቅምት 2023 አንዲት ነርስ ታካሚ ቤት ጉብኝት ላይ ሳለች ከተገደለች በኋላ በ2024 የወጣ ነው። የሆም ሄልዝ ኤጀንሲዎች በቅበላ ጊዜ ስለ ታካሚው መረጃ ሰብስበው ለተመደበው ሠራተኛ እንዲሰጡ ያዛል፦ በጤና ሠራተኞች ላይ ያደረሰው ጥቃት ካለ፣ የቤት ውስጥ ጥቃት፣ የሱስ ሁኔታ፣ የአእምሮ ጤና ምርመራ ውጤትና ሁኔታው የተረጋጋ መሆኑ፣ በወሲብ ወንጀለኞች መዝገብ መኖር አለመኖሩ። ስለ ቤቱም ይጠየቃል፤ መሣሪያ፣ አደገኛ ዕቃ፣ ያገለገለ መርፌ፣ የእሳት ማስጠንቀቂያው ሁኔታ። ልብ የሚባለው ግን ሌላው ወገን ነው። ታካሚው መረጃውን መስጠት ስላልቻለ ወይም እምቢ ስላለ ብቻ፣ ወይም በሰጠው መረጃ ምክንያት ብቻ አገልግሎት መከልከል በዚያው ሕግ ተከልክሏል። ሰብስብ፣ ለሚሄደው ሰው ንገር፣ በእሱ ብቻ ግን በር አትዝጋ ነው የሚለው። የትም ብትሠሩ ለረቂቃችሁ አጥንት የሚሆን ይመስለኛል።

ሜዲኬር (የአሜሪካ መንግሥት በዋናነት ለአረጋውያን የሚሰጠው የጤና መድን) የምትቀበሉ ከሆነ ሁለት ነገር አለ። ከጥር 2025 ጀምሮ እያንዳንዱ ኤጀንሲ በጽሑፍ የተቀመጠ የቅበላ ፖሊሲ ሊኖረውና በእያንዳንዱ አዲስ ታካሚ ላይ እኩል ሊሠራበት ግድ ነው። ፖሊሲው የሚመዝነው የታካሚውን ፍላጎት፣ ያለባችሁን የሥራ ጫና፣ የሠራተኛውን ቁጥርና ችሎታ ነው። ሁለተኛው የጊዜው ጉዳይ ነው። የመጀመሪያው የግምገማ ጉብኝት ሪፈራሉ በደረሰ ወይም ታካሚው ወደ ቤቱ በተመለሰ በ48 ሰዓት ውስጥ፣ አለዚያም ሐኪሙ ባዘዘው ቀን መደረግ አለበት። የሪከርድ ውጤት እየጠበቃችሁ ሦስት ቀን ካለፈ ደንቡን ጣሳችሁ፤ ታካሚውም ኢንሱሊኑን ሳይወስድ አደረ። ፍለጋው ከቅበላው ጎን ለጎን ይሂድ እንጂ ከፊቱ አይቁም።

በተግባር የሚበላሸው የት ነው ካላችሁ፦

ሞክሼ። የሕዝብ መፈለጊያዎች ብዙ ጊዜ ስም ብቻ ነው የሚያገናኙት። የአባት ስም እንደ ቤተሰብ ስም በሚገባበት፣ አጻጻፉም በአምስት ዓይነት በሚለዋወጥበት ማኅበረሰብ አንድ ስም አሥር ሰው ያመጣል። የትውልድ ቀናቸው በትክክል ያልታወቀ ስደተኞች ደግሞ ብዙዎቹ በጥር 1 ስለተመዘገቡ ስምና ልደት ቢገጥሙም አይበቃም። ቢያንስ ሙሉ ስም፣ የትውልድ ቀንና አድራሻ (መዝገቡ ፎቶ ካለው ፎቶውም) ሳይገጥሙ "ተገኝቷል" ተብሎ አይጻፍ።

መያዝና መፈረድ። ፖሊስ የያዘው ሰው ጥፋተኛ ነው ማለት አይደለም። ክሱ የተዘጋ፣ ውድቅ የሆነ፣ ከመዝገብ የተሰረዘ ሁሉ በንግድ ድረ ገጾች ላይ ዓመታት ቆይቶ ይታያል። የሚመዘነው የጥፋተኝነት ውሳኔ ብቻ ነው።

የቅጥር አካውንት። ለሠራተኛ ባክግራውንድ ቼክ (የኋላ ታሪክ ማጣሪያ) በተከፈተ አካውንት የታካሚን ስም ማስገባት ከባድ ስህተት ነው። ያ ሪፖርት የሚወሰደው በ1970 በወጣው ፌር ክሬዲት ሪፖርቲንግ አክት (ስለ ግለሰቦች የሚወጡ ሪፖርቶችን አጠቃቀም የሚወስነው ሕግ) ሥር፣ ፈርማችሁ ባረጋገጣችሁት ዓላማ ነው፤ ቅጥር ብላችሁ ፈርማችሁ ለታካሚ ልትጠቀሙበት አትችሉም።

የሪከርዱ ዕድሜም ይታይ። አልፍሬድ ብሉምስታይንና ኪሚኖሪ ናካሙራ በ2009 ያሳተሙት ጥናት በኒውዮርክ ግዛት በ1980 ለመጀመሪያ ጊዜ የተያዙ ሰዎችን ተከታትሎ፣ በ18 ዓመቱ በዝርፊያ የተያዘ ሰው ዳግም ሳይያዝ 7.7 ዓመት ከቆየ እንደገና የመያዝ ዕድሉ ከእኩዮቹ ጋር እንደሚተካከል አሳይቷል። ለከባድ ድብደባ 4.3፣ ቤት ሰብሮ ለመስረቅ 3.8 ዓመት ነው። ጥናቱ የሚለካው ዳግም መያዝን እንጂ በነርስ ላይ የሚደርስ ጥቃትን አይደለም፤ ቢሆንም "አንዴ ካጠፋ ለዘላለም" የሚል ፖሊሲ የሚቆምበት መሠረት እንደሌለው ያሳያል።

---

የፈረቃ_ኤይድ

ሁለታችሁም ያላችሁት ልክ ነው፤ ግን ከሚሄደው ሰው ወገን ሆኜ ልናገር። ኤይዶች (ገላ እንደ ማጠብ ያለውን የዕለት እንክብካቤ የምንሰጥ ረዳቶች) ሪከርድ ይታይልን የሚሉት ሰው ለመከልከል አይደለም። ቢሮው የሚያውቀውን እነሱ ስለማያውቁ ነው። ነርሷ ታውቃለች፣ አስተባባሪዋ ታውቃለች፤ ቅዳሜ በሰው ምትክ የምትላከው ኤይድ ግን አድራሻና ሰዓት ብቻ ስልኳ ላይ ይደርሳታል። ስለዚህ ፖሊሲያችሁ ላይ "መረጃው ለተመደበ ሠራተኛ ሁሉ፣ ተተኪን ጨምሮ፣ ከጉብኝቱ በፊት ይደርሳል" የሚል ይግባ፤ ያነበበችበት ሰዓትም ይመዝገብ።

እንዴት እንደሚነገርም ወሳኝ ነው። "ጥንቃቄ፦ የቀድሞ እስረኛ" የሚል ማስታወሻ ምንም አይጠቅማትም። ፈርታ ትገባለች፣ ፍርሃቷ ፊቷ ላይ ይነበባል፣ ታካሚውም ይቆጣል። ምን እንደምታደርግ ነው ሊነገራት የሚገባ፦ "ጉብኝት በቀን ብርሃን ብቻ። ወንድሙ ቤት ካለ አትግቢ፤ ከመኪና ሆነሽ ደውዪ። ስለ ገንዘብ ካነሳ ወደ ቢሮ ምሪው።" የወንጀሉ ዝርዝር ለሥራዋ ካላስፈለገ አይጻፍ። በቴሌግራም ወይም በዋትስአፕ ግሩፕ ላይ ደግሞ በጭራሽ። ሰፈሩ ሁሉ ይሰማል፤ የታካሚን ምስጢር መጣስም ነው።

መግባትና መውጣት የሚረጋገጥበት መንገድ ከሌለ ሌላው ሁሉ ወረቀት ነው። ስትገባ አጭር መልእክት፣ ስትወጣ አጭር መልእክት። በታሰበው መውጫ 15 ደቂቃ ካለፈ ቢሮው ይደውላል፤ ካላነሳች ከ5 ደቂቃ በኋላ እንደገና፤ አሁንም ካላነሳች አድራሻውን ይዞ ወደ ፖሊስ ይደውላል። ይህን የሚከታተል ሰው በስም ይመደብ፤ ማታና እሑድም ይኑር። በስልክ የምትለው አንድ የተስማማችሁበት ዓረፍተ ነገር ይኑራት፤ "የሰማያዊውን ፎልደር ቁጥር ንገሩኝ" ካለች ቢሮው ሳይጠይቅ እርዳታ ይልካል። መኪና አፍንጫው ወደ መውጫ ዞሮ ይቁም፣ ቁልፍና ስልክ ቦርሳ ውስጥ ሳይሆን ሰውነቷ ላይ ይሁኑ፣ ስትሠራ በእሷና በበሩ መካከል ሰው አይቁም።

የመጨረሻው፦ "ምቾት አልተሰማኝም" ብላ የወጣች ሠራተኛ የሰዓቷ ክፍያ አይቀነስ፣ ምደባዋም አይቆረጥ። አንዴ ከተቀጣች ሁለተኛ አትናገርም።

---

ምደባ_ክፍል

በጣም አመሰግናለሁ፤ ረቂቁን ከሥሩ መቀየር እንዳለብን ገብቶኛል። አንድ ምሳሌ ላስቀምጥ፣ በእሱ ላይ ሂደቱን ብታሳዩኝ። የ61 ዓመት ሰው ነው እንበል። ስትሮክ ቀኝ እጁንና እግሩን አድክሞታል። በሳምንት 3 ቀን ቁስል ማጠብ፣ 2 ቀን ገላ ማጠብ ታዟል። ከእህቱ ጋር ይኖራል። ከ14 ዓመት በፊት በአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ ላይ በፈጸመው ጥፋት በወሲብ ወንጀለኞች መዝገብ ላይ ይገኛል። የእህትየው የልጅ ልጆች ከትምህርት ቤት መልስ እዚያ ይውላሉ። ሁለት ኤይዶች "አንሄድም" ብለዋል።

---

ነርስ_ሱፐርቫይዘር

ይወሰዳል። ጥያቄው እንዴት የሚለው ነው።

ማንነቱን አረጋግጡ፤ ስም፣ ልደት፣ ፎቶ፣ አድራሻ። ከዚያ ጥፋቱን ከሥራው ጋር አገናኙት፦ ተጎጂው ልጅ ነበር፣ የሚላኩት ደግሞ አዋቂዎች ናቸው፤ ሰውየው ዛሬ አንድ ወገኑ አይታዘዝለትም። ለቁስል አጣቢዋ ነርስ ያለው ስጋት ከሌላው ታካሚ ብዙም አይለይም። ከሆስፒታሉ ስለ አሁኑ ጠባዩ ከላይ ያልኳቸውን ጥያቄዎች ጠይቁ፤ በተለይ ገላው ሲታጠብ አጉል ንግግር ወይም መንካት ነበረ ወይ የሚለውን።

እቅዱ ላይ የሚገባው፦ ጉብኝቶቹ ጠዋት፣ ልጆቹ ትምህርት ቤት ሳሉ ይሁኑ። ከ18 ዓመት በታች የሆነ ተለማማጅ አይላክ፤ ሠራተኛም ልጇን ይዛ አትሂድ (ይህ ለማንኛውም ቤት ሕግ መሆን አለበት)። የመጀመሪያው ጉብኝት ሁለት ሰው፤ ነርሷ ስትገመግም ሌላኛው ቤቱን ያያል። ገላ ማጠቡ ላይ አጉል ነገር ከተፈጠረ ኤይዷ ሥራውን አቁማ፣ ታካሚው ለአደጋ በማይጋለጥበት ሁኔታ አስቀምጣ ትወጣለች፣ በዚያው ቀን ሪፖርት ይደረጋል፤ ቀጣዩ ገላ በሁለት ሰው ይሆናል። ይህ ለታካሚውም አስቀድሞ ይነገረው፣ በአክብሮት፣ ፊት ለፊት፣ "እርስዎ" እየተባለ።

የልጆቹ ነገር ለየብቻ ይታይ። ከልጆች ጋር እንዳይሆን የሚያግድ ትእዛዝ ካለና ሠራተኛዋ ልጆቹን ብቻቸውን ከእሱ ጋር ካየች ዝም አይባልም፤ ለሱፐርቫይዘር ወዲያው ይነገራል፣ የልጆች ደኅንነት የሪፖርት ግዴታ ባለበት ሁሉ ሪፖርት ይደረጋል። ኤይዶቹ ግን የአመክሮ መርማሪ አይደሉም፤ ቁም ሣጥን እየከፈቱ አይፈልጉ።

አንሄድም ያሉትን ሁለቱን አታስገድዱ፤ አውቆ የፈቀደ ሌላ ሰው ይመደብ። ብዙ ጊዜ እምቢታው የሚመጣው መረጃው በሹክሹክታ ሲደርስ ነው፤ እቅዱ ሲነበብላቸው ከሁለቱ አንዷ ብትመለስ አይገርመኝም። በ30ኛው ቀን ይከለስ፣ ከዚያ በየ60 ቀኑ ከሚታደሰው የእንክብካቤ ግምገማ ጋር አብሮ። በታካሚው ፋይል ላይ የሚደረገው የጥንቃቄ ምልክት የሚያበቃበት ቀን ይጻፍበት፤ ቀን የሌለው ምልክት ሰውየው እስኪሞት ይከተለዋል።

---

ሕግና_ሰነድ

"አንቀበልም" የሚለውን እኔ ልጨምር። ውሳኔው የስልክ ተቀባዩ አይደለም። የክሊኒክ ኃላፊና ሌላ አንድ ሰው አብረው ይዩት፣ በአንድ የሥራ ቀን ይወስኑ፣ ምክንያቱን በጽሑፍ ያስቀምጡ። ጠባዩ ከአካል ጉዳት፣ ከአእምሮ ሕመም ወይም ካለፈ ሱስ ጋር የተያያዘ ከሆነ የአሜሪካው የአካል ጉዳተኞች ሕግ "ቀጥተኛ ስጋት" የሚለውን መመዘኛ ያመጣል፦ አደጋው ምንድን ነው፣ ምን ያህል ይቆያል፣ ምን ያህል ከባድ ነው፣ የመድረስ ዕድሉስ፣ በተመጣጣኝ ማስተካከያ ሊቀንስ ይችላል ወይ? የዛሬ ማስረጃ ላይ ተመሥርቶ፣ ለዚያ ሰው ብቻ። ይህ ለአካል ጉዳተኞች የተጻፈ ቢሆንም ለሁሉም ታካሚ ብትጠቀሙበት ትክክለኛው ጥያቄ ነው።

አገልግሎት ከተጀመረ በኋላ ማቋረጥ ደግሞ የራሱ ሥርዓት አለው። በሜዲኬር ደንብ በጠባይ ምክንያት ማሰናበት የሚቻለው የታካሚው ወይም የቤቱ ሰው ጠባይ እንክብካቤውን ወይም የኤጀንሲውን ሥራ በከባድ ሁኔታ ሲያሰናክል ነው። ከዚያ በፊት ግን ለታካሚው፣ ለወኪሉና ለሐኪሙ እየታሰበ መሆኑ ይነገራል፤ ችግሩን ለመፍታት ይሞከራል፤ ሊረከቡት የሚችሉ የሌሎች ኤጀንሲዎች አድራሻ ይሰጣል፤ ይህ ሁሉ ይመዘገባል። የድሮ የወንጀል ሪከርድ በዚህ ውስጥ የለም። እኔ የምመክረው አድራሻ ሰጥቶ መተው ሳይሆን ቀድሞ መደወል ነው፦ "ታካሚውን ትወስዳላችሁ?" ተብሎ "አዎ" ከተባለ በኋላ ለታካሚው ይነገረው።

ፍትሐዊነቱንም በቁጥር ተከታተሉት። በየሦስት ወሩ ስንት ሪፈራል መጣ፣ ስንቱ ምልክት ተደረገበት፣ ስንቱ በሁለት ሰው ተጎበኘ፣ ስንቱ ሳይወሰድ ተመለሰ። ከዚያ በሰፈር፣ በቋንቋ፣ በመድን ዓይነትና በአእምሮ ሕመም ለዩት። የተመለሱት ከአንድ ሰፈር ከበዙ ፖሊሲያችሁ የሚመዝነው ሰውን ሳይሆን ሰፈርን ነው።

---

ምደባ_ክፍል

የመጨረሻ ጥያቄ፦ ከዚህ በፊት የተያዘ "አይወሰዱም" የሚል የኤክሴል ዝርዝር አለ። ማን እንዳስገባቸው እንኳ በግማሹ ላይ አልተጻፈም። ይጥፋ?

---

ሕግና_ሰነድ

ዛሬውኑ ከሥራ አውጡት፤ ግን አታጥፉት። በዚያ ዝርዝር የተመለሰ ሰው ቅሬታ ካቀረበ ሰነዱ ማስረጃ ነው፤ ማጥፋቱ ከመያዙ የባሰ ጥያቄ ያመጣል። የሚከፍተው አንድ ሰው ብቻ እንዲሆን ቆልፉት፣ ቅጂዎቹ በእነማን ኮምፒውተርና ስልክ ላይ እንዳሉ መዝግቡ፣ ምን ያህል ጊዜ እንደሚቀመጥ ጠበቃችሁን ጠይቁ። ከስሞቹ መካከል ምንጭ ወይም ቀን የሌላቸው ለአዲስ ውሳኔ አይቆጠሩ። ምንጭ ያላቸው፣ ለምሳሌ "በዚህ ቀን ነርስ መታ" የሚሉት፣ ሰውየው እንደገና ሪፈራል ሲመጣለት ልክ እንደ አዲስ ታካሚ በጥያቄዎቹ ይለፉ። ሪፈራሉ ነገ ጠዋት ሊመጣ ስለሚችል ቅበላ ክፍል ያሉትን ሁሉ ከዛሬ ፈረቃ በፊት ንገሯቸው።